ሦስተኛው ጥሪ

የእህቴ ልጅ ሐያት ከመርሳ የደወለችልኝ ሱብሒ ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ ነበር።

«አክስቴ፣ አያቴ ዘፈን ውስጥ አሉ!»

«አዑዙ ቢላህ! የሞተ ሰው ይዘፍናል እንዴ? አንቺ ልጅ፣ ቀልድሽ ልክ የለውም።»

«አይዘፍኑም። አንቺን ይጠራሉ።»

ላከችልኝ። ግጥም የለው፣ ዘፋኝ የለው፤ ወጣቶች የሚጨፍሩበት በኮምፒውተር የተሠራ ምት ነው። የሠራው ልጅ ከመርሳ ገበያ ካገኘው አሮጌ ካሴት የአንዲት ሴት ድምፅ ቆርጦ አስገብቶበታል። «ዘሁራዬ! ዘሁራዬ ነይ!» ትላለች፤ ወዲያው ከበሮው ይወርድባታል። ደግሞ ዞሮ፣ «ዘሁራዬ! ዘሁራዬ ነይ!» የእናቴ ድምፅ ነው። እዚህ ጅዳ ቁጭ ብዬ አቤት ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ግራና ከምትባለው ከተማ ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ ነበር። መግሪብ ሲቃረብ ከወዲያ ማዶ ስም ከተጠራ ጂን ነው ይባል ነበር። እናቴ ታዲያ «ጂን ከሁለት አያልፍም፤ ሦስቴ ሳልጠራሽ አቤት እንዳትዪ» ብላኛለች።

ካሴቱ የተቀዳበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ጎረቤት ወዳጃ ተጠርቶ ሰዉ ዱዓ ያደርጋል፤ ቤቱ አደስ አደስ ይሸታል። ከወልድያ የመጣ ባለቴፕ መንዙማውን ይቀዳል። እኔ በሩ ላይ ከሴቶቹ መሀል ተወሽቄያለሁ። እናቴ ከደጅ ጠራችኝ። ደገመች። ዝም አልኩ።

«አንቺ ደንቆሮ፣ የእናትሽ ጉሮሮ ሊሰነጠቅ እኮ ነው!» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ሩቂያ።

«ገና አንድ ይቀራታል» አልኳቸው።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ባለቴፑ «ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ካሴቴን አበላሻችሁት!» እያለ ሊዘጋው ተንደረደረ። እናቴ ሦስተኛውን ጠራች፤ «አቤት እማ!» ብዬ በረርኩ።

ያኔ ሦስተኛው ሳይመጣ ይቀራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን እናቴ የለችም፤ ከዚህች ቁራጭ ሌላ ድምፅዋ በእጄ የለም። ሰግጄ ስጨርስ እከፍታታለሁ። ሁለቴ ትጠራኛለች፣ ከበሮው ይቀድማታል። እሷ መሆኗን ልቤ ያውቃል፤ እንዳልመልስ ያዘዘችኝም እሷው ናት።

ሐያት ልጁን ጠይቃው ነበር። ያገኘው ካሴት ቅጂ ነው፤ ከሁለተኛው ጥሪ ወዲያ ይቋረጣል አላት።

እና በዚያ ወዳጃ የነበራችሁ የግራና ሰዎች፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፤ ባለቴፑ የዘጋው እናቴ ሦስተኛውን ሳትጠራ ነው ወይስ ከጠራች በኋላ? ዋናው ካሴት ከማናችሁም ቤት፣ ከቆጥ ላይም ቢሆን ካለ፣ አቧራውን አራግፉና አሰሙኝ። አቤት ልላት ነው።