ለዘበኛው ቤት የተላከ እንገር

ሰሞኑን የማዘጋጃ ቤት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈለፈ በሰፈራችን ሲያልፍ፣ ዶሮም ሆነ ከብት በመኖሪያ ግቢ ማርባት እንደሚያስቀጣ ሲናገር፣ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ ተነሥቼ በሬን ቀረቀርኩ። የማረባት አንዲት ጫጩት እንኳ የለኝም እኮ! ያ ድምፅ ግን ጎትቶ ወስዶ፣ ነቀምቴ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ወሸቀኝ።

ያኔም በገበያ ቀን አዋጅ ተነግሮ ነበር፤ ዶሮ ያለው ይዝጋ፣ የቀንድ ከብት ያለው ከከተማ ያውጣ፣ ያላወጣ ይወረሳል ተባለ። እኛ ደግሞ ልትወልድ የተቃረበች ዳለቲ የምትባል አንዲት ላም ነበረችን። አባታችን ሞቷል፤ ታናሽ ወንድሜ ቶለሳ፣ እህል አልረጋለት ያለው ያ ከሲታ፣ ተስፋው የእሷ ወተት ብቻ ነበር። እናቴ ጓዳ ደበቀቻት። ላሚቱ እምቧ ባለች ቁጥር ዘነዘናዋን አንስታ፣ ድምፁ እንዳይሰማ ባዶ ሙቀጫ ትወቅጣለች፤ ጎረቤቱ፣ እነዚህ ድሆች ምን ቢያገኙ ነው ቀኑን ሙሉ የሚወቅጡት እያለ ይገረም ነበር።

ዳለቲ ወለደች፤ መከራችንም አብሮ ተወለደ። በእኛ አገር እንገር፣ የወለደች ላም የመጀመሪያ ወተት፣ ለብቻ አይበላም፤ ለጎረቤት ካልተዳረሰ የላሚቱ ጡት ይደርቃል ይባላል። አጥር ለአጥር የተከራየው አዲሱ ጎረቤታችን ደግሞ፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ገመዳ! እናቴ ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ፣ አንድ በር ዘልዬ ጡቷ ቢደርቅ ልጄን በምን አድነዋለሁ አለችና የእሱንም ድርሻ በቅል ሞልታ አስያዘችኝ። አጥሩን ታክኬ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የዘበኛ ቆቡ ተሰቅሏል፤ እሱ ተቀብሎኝ፣ ቀመስ አድርጎ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጥጃው ወንድ ነው ሴት?» ሲለኝ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

በማግስቱ ቆቡን ደፍቶ መጣ። ቅላችንን በባዶ አልመለሰም፤ ለምለም ሣር አድርጎበታል። ከእናቴ ጋር እኔ እንዳልሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩና፣ ዳለቲን ከነጥጃዋ ፈትቶ በጠራራ ፀሐይ እየነዳ ወጣ። እናቴ ደረቷን እየደቃች ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ወይ ግፍ አለ፤ እኔ ቶለሳን አቅፌ፣ በቃ ሊሞትብን ነው፣ አለቀልን እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ። እንዲያ ያለ ፍርሃት ከዚያም ወዲህ አላውቅም።

እናቴ በጆሮዬ የነገረችኝ አመሻሹ ላይ ነው። ለካ ኦቦ ገመዳ፣ ነገ ቤት ለቤት አሰሳ አለ ብሎ አስጠንቅቋት፣ እንገሯን የቀመስኩላትን ላም አላስወርስም ብሎ፣ የተያዘች አስመስሎ፣ እናቴንም አስጩኾ፣ በባልደረቦቹ ፊት አሳልፎ ከከተማ ውጭ ጉቴ ያለው አጎቴ ቤት አድርሷት ኖሯል! ቶለሳ ከጉቴ በሚመጣው ወተት ዳነ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል።

አሁን የምኖርበት ግቢ አጥሩ ግንብ ነው፤ ከማዶ ሰው ሲስል እሰማለሁ እንጂ መልኩን አላውቀውም። ደጄ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ያኔ ቢያንስ የምፈራውን ሰው ስሙንም ቤቱንም አውቀው ነበር።