ለጨጓራ ሆድ አይቀደድም

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ከጥምቀት በኋላ ነው ትላለች፤ ልጄ ደግሞ ጤፉ ሳይወቃ ነው ይላል። እኔ የማስታውሰው ሁለት ጉርሻ ስውጥ ምግቡ ደረቴ ሥር ቆሞ አልወርድ ማለቱን፣ ቀበቶዬንም በምስማር አዲስ ቀዳዳ መብሳቴን ነው።

ልጄ ከሉማሜ ሚኒባስ አሳፍሮ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰደኝ። አንዲት ሐኪም ካሜራ ያለው ቀጭን ጎማ በጉሮሮዬ አስገብታ ሆዴን አየችው፤ ከውስጡም ለምርመራ ቁራጭ ሥጋ ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ እኔ ደጅ ተቀመጥኩ፣ ልጄ ብቻውን ገባ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፤ መጀመሪያ ዘመድ ይሰማዋል፣ ከዚያ ዘመድ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ልጄ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ጨጓራ ነው አሉ፣ አባዬ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ እንግዳ ነገር ተጀመረ፤ እኔ ያልኩት ሁሉ ልክ ሆነ። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ የተናገርኩትን ሳታርም አታልፍም ነበር። አሁን አሮጌውን በሬያችንን ወይፈን ነው ብላትም ልክ ነህ ትላለች። በወሰን የተኳረፍነው ጎረቤቴ ማር ይዞ መጣ፤ ያውም ነጭ ማር። የንስሐ አባቴ ያለ ወትሯቸው ብቅ ብለው ስለ ትዕግሥት ሲያወሩኝ ዋሉ። ጨጓራ እንዲህ የሚያስከብር በሽታ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና በጎልማሳነቴ በያዘኝ እል ነበር። ዶሮ ስል ዶሮ ይታረዳል፤ መብላቱ ባይሆንልኝም ማዘዙ ደስ ይላል።

ነገሩ የከረረው ሐኪሟ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረጉ ማለቷን ልጄ፣ እናቱና የንስሐ አባቴ ባሉበት፣ እየተንተባተበ ሲነግረኝ ነው። ሳቅሁበት። ጨጓራ ያለበት ሰው ስንቱን አውቃለሁ፤ ተልባ ይጠጣል፣ በርበሬ ይቀንሳል፣ አለቀ። ለጨጓራ ሆድ አይቀደድም ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ልጄ እናቱን ያያል፣ እናቱ የንስሐ አባቴን ታያለች፣ እሳቸው በእጃቸው የያዙትን መስቀል ያያሉ። ምክንያቱን ካልነገሩኝ አልሄድም፤ ምክንያቱን ለመናገር ደግሞ የሚደፍር ጠፋ። እኛ ስንተያይ ቀኑ ይሄዳል፣ የያዘኝም ነገር ሥራ አይፈታም።

በዚህ መሃል የልጄ ሚስት ገበታ ልታነሳ ገባች። ይህች ልጅ ቤታችን ከመጣች ጀምሮ እኔ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። ወጉ ነው፤ ምራት አማቷን ታፍራለች። ድምፅዋን የማውቀው ከጓዳ ሲመጣ ነው። ያን ቀን ግን ገበታውን መልሳ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አባባ፣ ጨጓራ አይደለም። የሆድ ካንሰር ነው። አሁን ተቆርጦ ከወጣ ተስፋ አለው ብላለች ሐኪሟ። እዚህ ከተኙ ግን ይሞቱብናል።"

ባለቤቴ "አንቺ ልጅ!" አለቻት። ልጄ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ደነገጥሁ፤ መደንገጤን አልደብቅም። ጋቢዬን ገልጬ ቀና አልኩና፣

"ታዲያ ያ ሁሉ ዶሮ ለዚህ ነው?" አልኳት።

"ለዚህ ነው፣ አባባ።"

በማግስቱ ማርቆስ ሄድን። ምራቴም አብራን ተሳፈረች፤ ገና ከመግባታችን ሐኪሟን "እሳቸው ያውቃሉና ሳትደብቂ ንገሪያቸው" አለቻት። ሐኪሟ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰውነታችን የተሠራው ከጥቃቅን ሕዋሳት ነው፤ በየሕዋሱ ውስጥ ከእናት ከአባት የወረስነው መመሪያ አለ፣ ጂን ይሉታል። ከነዚህ ጂኖች አንዳንዶቹ ዘበኞች ናቸው። ሕዋሱ ያለ ልክ ልባዛ ሲል ቁም ይሉታል። በእኔ ሆድ ውስጥ ዘበኞቹ አልሞቱም፣ መመሪያውም አልተፋቀም። ሆዴ ዓመታት ሲቆስልና ሲሽር ከርሞ፣ ከቅንጣት ያነሰች ኬሚካል እየተለጠፈችባቸው ዝም አሰኝታቸዋለች። በቦታቸው አሉ፣ ግን አይናገሩም።

ይሄን ጊዜ ዞር ብዬ ልጄን አየሁት።

"ገባኝ" አልኳት ሐኪሟን። "እኛም ቤት እንዲሁ ነው የከረምነው።"

ምራቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታዲያ የዘበኞቹን አፍ መክፈት አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ኬሚካሏን የሚያስለቅቅ መድኃኒት ለአንዳንድ የደም ካንሰር እንደሚሰጥ፣ ለሆድ ካንሰር ግን ገና በሙከራ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። እስኪደርስ ድረስ እኛ ያለን ቢላ ነው፣ አባት፣ አለችኝ። እኔም በደንብ የተሳለ ይሁን ብዬ ፈረምኩላት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ስሜን ለመጻፍ ጊዜ ይወስድብኛል፤ ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ።

ከሆዴ የሚበዛውን ወሰዱት። ከዚያ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ተከተለ፤ ያ ከቢላው ይብሳል። የውኃ ሽታ እንኳ ያስመልሰኝ ነበር። የተረፈችኝ ሆድ እፍኝ አትሞላም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መብላት አለብኝ። አጥሚቱን በማንኪያ እያቀረበች፣ በቃኝ ስላት አልበቃዎትም እያለች፣ ስቆጣት ተቆጥቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ያን ጊዜ ያሳለፈችኝ አንዲት ሰው ናት። ዛሬ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ስሞቅ ሰው ማን አተረፈህ ይለኛል። እግዜርን አስቀድማለሁ፣ ሐኪሟን አመሰግናለሁ፣ ከዚያ የምጠራው ምራቴን ነው።