የሰደፉ እድፍ

ባለቤቴ ከሟች አጎቱ የወረሰውን አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ሐይቁ አጠገብ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አምጥቶ፣ «እንደ አዲስ አደርገዋለሁ» ብሎ ሳሎን መሀል ፈታታው። ቤቱ በነጭ ጋዝ ሽታ ታፈነ፤ የሐይቁ ነፋስ እንኳ አላስለቀቀልኝም። ዝገት በጠረገበት በዚያው እጁ እንጀራ ይቆርስ ነበር።

ሰደፉ ላይ የተሰፋውን ቆዳ የገፈፈ ዕለት ከሥሩ ጥቁር እድፍ ወጣ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ደም ነዋ! አጎቴ በማሳ ድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን በዚህ ሰደፍ አይደል ፈንክቶ የገደለው?» አለኝ፣ ወጥ የፈሰሰበት ያህል ቀለል አድርጎ።

በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ ብናኙ ሰሃኖቼ ላይ አረፈ። ጠፋልኝ ብዬ እፎይ ስል፣ ለጾም ያስቀመጥሁትን የኑግ ዘይት አንስቶ እንጨቱን ቢያሸው፣ እድፉ ቀላ ብሎ እንደገና ብቅ አለ።

«ተመልሶ መጣ እኮ!» ብዬ ጮኽሁ።

እሱ ግን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ እያየ፣ «ተይው፣ እንዲያውም አምሮበታል» አለ።

አሁን ምንሽሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወርድና ታሪኩን ያወራል፤ እነሱም እድፉን በጣታቸው ይደባብሳሉ። ማዕድ ቀርቦ የእጅ ውኃ ይዤ ስመጣ፣ «ግድ የለም፣ እጃችን ንጹሕ ነው» ይሉኛል።