ወደ ግራ የተፈተለ ክር

ከቤት የወጣሁት አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ገና ሳይነጋ ነው። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። እናቴ አልተኛችም ነበር፤ እሳት ዳር ተቀምጣ የመጨረሻዋን ልቃቂት ትጠቀልላለች። የበጉን ጠጉር በእንዶድ አጥባ፣ ነድፋ፣ ፈትላ አንድ ጆንያ ሞልታልኛለች። ከባሌ ተፋትቼ እሷ ዘንድ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ መሬታችን ለወንድሜና ለእህቴ እንኳ አይበቃም፤ እኔ እጅ ላይ ያለው ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርኩት ሹራብ መሥራት ብቻ ነው።

«አዲስ አበባ ይበርዳል ይላሉ?» አለችኝ።

«ይላሉ።»

«እንግዲያ ይገዙሻል» አለችና ጆንያውን ራሷ አሸከመችኝ።

አላለቀሰችም፤ እኔም አላለቀስኩም። የአውቶቡሱ ረዳት ጆንያውን አሽትቶ «በግ ከሆነ የሚጫነው ጣሪያ ላይ ነው» አለኝ። እሱን ስከራከር መንዝ ከኋላዬ ቀረ፤ ዞር ብዬ እንኳ ሳላየው።

ከመንዝ ላፍቶ ምን ስደት ይባላል ትሉኝ ይሆናል፤ ባሕር አልተሻገርኩም። ግን እናንተ እዚያ አመዳይ ላይ የምትሄዱ ሰዎች፣ እዚህ ሐምሌ ላይ ሰው ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ «ዘንድሮስ ብርዱ ጉድ ነው» ሲል ብታዩት ትስቃላችሁ። እኔ ያን ጊዜ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወርድ ነበር። የጤፍ እንጀራው ልስልስ ነው፣ አልዋሽም ይጣፍጣል፤ ግን እንደ ገብስ ቂጣችን ሆድ አይዝም፣ እጅ ሳይታጠቡ ይርባል። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ቆሜ እንዴት አደራችሁ እል ነበር። አንዲት ልጅ «እንተዋወቃለን?» ብላ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ስትስብ ተውኩት።

መታወቂያ ላወጣ የሄድኩበት ቢሮ የተቀመጠው ጎልማሳ መሸኛዬን ሦስቴ አገላብጦ ካየ በኋላ «ሥራ?» አለኝ።

«የበግ ጠጉር ቀለም እየነከርኩ ኮፍያና ጓንት እሠራለሁ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገ። «እንደሱ የሚል የለም። የቤት እመቤት ልበልሽ?»

«ባልም ቤትም የለኝም እኮ ወንድሜ።»

«ታዲያ እመቤትነቱም ይቅርብሽ?» አለና ጻፈው። እስከ ዛሬ መታወቂያዬ ላይ እመቤት ነኝ።

ቀለም መንከሩን እንኳ ከአገር ቤት ይዤው አልመጣሁም። ያመጣሁት ጠጉር ጥቁርና ነጭ ነው፤ እኛ ዘንድ ጥቁሩ እንደሚከበር ታውቃላችሁ። ለሕፃን የሚሆን ጥቁር ኮፍያ ሠርቼ፣ ኮርቼበት፣ ለቡ መብራት ኃይል ይዤ ብዞር አንዷ እናት «በስመ አብ! ልጄ ማን ሞተበት ብለሽ ነው?» አለችኝ። ኮፍያውን መልሼ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት። በማግሥቱ የጉልት ሴቶችን የሽንኩርት ልጣጭ እንዲያጠራቅሙልኝ ለመንኩ፤ ፍየል የማረባ መስሏቸው የጎመን ቅጠልም ይጨምሩልኝ ነበር። ልጣጩን አፍልቼ ነጩን ጠጉር ስነክረው ቢጫ ወጣልኝ፤ ሲቆይ ወደ ማር ይሄዳል። ከእንሶስላ ሥር ቀይ አገኘሁ። ሁለቱን ሳቀላቅል የሚወጣውን ቀለም በስም አልጠራውም፤ በየጊዜው ሌላ ነው። ብስራተ ገብርኤል ያሉ ደንበኞቼ የሚወዱት ይህንኑ ነው፤ «የኔን ዓይነት ሌላ ሰው ራስ ላይ አላይም» ይላሉ። ጆንያው ሲያልቅ እናቴ ሌላ ፈትላ በአውቶቡስ ትልክልኛለች። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ሆነን።

አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራይ አለ፣ የልብስ ገመዱ ግን አንድ ነው። አንድ ቅዳሜ በእንሶስላ የነከርኩትን ክር ገመዱ ላይ ሰቅዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። እሳቸው ለነገ ቤተ ክርስቲያን ብለው ያጠቡትን ነጭ ነጠላ ከሥሩ አጥሩ ላይ አስጥተውት ኖሯል። ጩኸታቸውን ሰምቼ ብወጣ ቀዩ ነጠላው ላይ ተንጠባጥቧል።

«ግቢዬ ውስጥ ሰው ታርዷል እንዴ?»

«እንሶስላ ነው እትዬ። በሳሙና ይለቃል።»

«ይለቃል? አንቺ አይለቅም እያልሽ አይደል እንዴ የምትሸጪው!»

እውነታቸውን ነው። «ቤት ያከራየሁት ለሰው ነው፤ ለበግ አይደለም። ወሩ ሲያልቅ ልቀቂልኝ» ብለው ነጠላቸውን ይዘው ገቡ።

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለቤተሰቤ የማወራው ሌላ ነበር፦ ሁለት ክፍል ቤት፣ ደግ አከራይ፣ የራሴ ገመድ። ስታነቡት ትታዘቡኛላችሁ፤ ታዘቡኝ።

በአንድ በኩል ቤት እየፈለግሁ፣ በሌላ በኩል ትእዛዝ ለማድረስ ስጣደፍ ነው ክሩ እምቢ ያለኝ። ነጠላ ክር ብቻውን ስለሚበጠስ ሁለቱን አንድ ላይ አክርሬ ነው የምሠራው። ከተረፈኝ አሮጌ ልቃቂት አንድ፣ አሁን ከመጣው ጆንያ አንድ ወስጄ ሳከርር፣ አሮጌው እንደ ወትሮው ሲተኛ አዲሱ እንደ ሽቦ እየከረረ ይቋጠርብኛል። ሳፈላው አበዛሁበት ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ከጆንያው ያልተነከረ አወጣሁ፤ ያም ያው። በመጨረሻ ክሩን በጣቶቼ ይዤ ወደለመድኩት ወገን ባዞረው መጥበቁ ቀርቶ ተፈታ። የተፈተለው በተቃራኒው ነው።

እናቴ እንዝርቷን የምታሾረው በቀኝ እጇ ነው። ቤታችን ውስጥ ወደ ግራ የሚፈትል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ታናሽ እህቴ አስካለ፣ ግራኝ ናት። እናቴ ደግሞ የአስካለን ክር ከራሷ ጋር አታቀላቅልም፤ ለብቻው ነው የምታስቀምጠው። ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፍኩት፤ ልቃቂቱን አንድ በአንድ እየፈታሁ አየሁ። አንድም የእናቴ የለበትም።

ራቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ እንደማይነገር እናንተ ታውቃላችሁ። አባቴ ሲሞት ወንድሜ ለሥራ ቆላ ወርዶ ነበር፤ በደወለ ቁጥር የምመልስለት እኔ ነበርኩ። «አባባ ገበያ ወጥቷል።» «አሁን ገና ጋደም አለ።» «የስልክ ድምፅ አይሰማውም።» ሽማግሌዎች ወርደው እስኪያረዱት ድረስ ስንት ወር እንዲህ ስል አንድም ቀን አልተደናቀፍኩም። አስካለ ከመስቀል ወዲህ እማዬን አገናኚኝ ባልኩ ቁጥር ስትመልስልኝ የከረመችው ቃል በቃል ያንኑ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትሰማኝ ነበር፤ ከኔ ነው የተማረችው። ፈራሁ። የሽንኩርት ልጣጭ የጣድኩበትን ድስት እንኳ ሳላወርድ እኩለ ቀን ላይ ደወልኩ።

«እማዬን አገናኚኝ።»

«ገበያ ወጥታለች።»

«አስካለ፣ ይህን ውሸት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጆንያው በሙሉ ያንቺ እጅ ነው። እማዬ አለች ወይስ የለችም? አንድ ቃል ንገሪኝ።»

ማልቀስ ጀመረች። በተዘረገፈው ልቃቂት መሃል ተቀመጥኩ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማኝ።

«ማን ነገረሽ?» አለች እናቴ፣ በቁጣ።

ቁጣዋን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ አለቀስኩ። «ማንም አልነገረኝ። ክርሽን ባጣው ጊዜ ነው ያወቅሁት።»

ለመስቀል ሰሞን ወድቃ ቀኝ ክንዷ ተሰብሮ ኖሯል። ወጌሻ አሽቶ አጥንቱን አስገጥሞላታል፤ ጣቶቿ ግን አልተመለሱም። እንዝርት መያዝ አይሆንላትም፤ መቀነቷን የምታስርላት አስካለ ናት።

«እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለችኝ። «አንቺ እንኳ ከቤትሽ፣ ከሥራሽ እንዳትፈናቀዪ...»

«ቤት የለኝም እማዬ» አልኩ። አመለጠኝ። ካመለጠኝ ወዲያ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንዷን ክፍል፣ ነጠላውን፣ ወሩ ሊያልቅ ሳምንት እንደቀረው። የራሴ ገመድ እንደሌለኝ ጭምር።

አስካለ ከወዲያ ስትናፈጥ ይሰማኛል።

«እንግዲያ ነይ» አለችኝ።

ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ነይ ብላኝ አታውቅም። ባለችኝ እያልኩ ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ፤ ያኔ ብትለኝ ጓዜን ሳልጠቀልል እበር ነበር። አሁን ስትለኝ ግን ዓይኔ ወደ ምድጃው ሄደ። ልጣጩ ሳላስበው ብዙ ፈልቶ፣ ቀለሙ ማሩን አልፎ እስከ ዛሬ ወዳላየሁት ነገር እየሄደ ነው፤ አሁን ካልነከርኩበት ያልፍብኛል ብዬ አሰብኩ። እናቴ እጇን አጥታ ነይ ስትለኝ እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። አፈርኩ።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቼሻለሁ እማዬ።»

«እና?»

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ተነሳሁና የአስካለን ነጭ ክር ድስቱ ውስጥ ጨመርኩት።