ኢክራማ እና «ሐቅ» የሚሉት ቃል

ወንድሜ ልጁን ኢክራማን ጁባ አምጥቶ ሲተውልኝ፣ «ምላሷ ረጅም ነው፤ ሱቅ ላይ ግን ትጠቅምሻለች» አለኝ። ሁለቱም እውነት ሆነ። ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቄ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታና ስኳር እናከፋፍላለን። ኢክራማ ዓመት ሳይሞላት የጁባ አረብኛን ከገበያ ሴቶች ጋር እየተሰዳደበች ተማረችው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ ዋጋ ከመጥራት ያላለፍኩበትን ቋንቋ፣ እሷ ወታደሩንም ሹፌሩንም ታስቅበታለች። ሚዛን ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። እጄን ትንሽ ጫን ካደረግኩ፣ ደንበኛው እየሰማ፣ «አክስቴ፣ የሰው ሐቅ ነው» ትለኛለች። እኛ ቤት ሐቅ ማለት እንዲህ ነው፤ የሰው ድርሻ፣ ለሰው የሚገባው ነገር። ይህን ቃል ልብ በሉት፤ ኋላ ጉድ የሠራን እሱ ነው።

በዲሴምበር 2013፣ በእኛ ታኅሣሥ 2006 መሆኑ ነው፣ ከተማው በተኩስ ሲናጥ ከዱቄት ጆንያ ጀርባ ተኝተን ከረምን። ጋብ ሲል ብዙ ሐበሻ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ አገሩ ገባ። ወንድሜ በስልክ ልጄን ላኪልኝ ብሎ አለቀሰ። ኢክራማ አልሄድም አለች። ኛቻን የምትባል አዲስ አበባ ያደገች የደቡብ ሱዳን ልጅ ጓደኛ ነበረቻት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። ኛቻን በዘሯ የተነሳ እንዳትገደል ነፍሷን ይዛ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢ ሸሸች፤ ከዚያም መውጣት አልቻለችም። ኢክራማ ሳሙናና ስኳር ይዛ ልትጠይቃት ስትመላለስ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ሰው መብት ሲማማሩ አየች። ሳሙናዬን ሰጥታ መብት የሚባል ነገር ይዛ ተመለሰች።

በፈረንጆቹ 2015 ነው እንግዲህ ስሞል ግራንት የሚሉት የመጣው። አንድ የውጭ ድርጅት፣ በየሰፈራቸው ስለ ሰብዓዊ መብት ለሚሠሩ ወጣቶች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ይሰጣል አሉ። ኢክራማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አመለከተች። ሐሳባቸውን ስሰማ ንዴቴ እስከ አናቴ ወጣ። በየሆቴሉና በየቡና ቤቱ የሚያስተናግዱት የአገራችን ልጆች ፓስፖርታቸው በባለቤቶቹ መሳቢያ ይቆለፍባቸዋል፤ እሱን ሊያስመልሱ ነው። ባለሆቴሎቹ ደግሞ ከእኔ ዘይት የሚገዙት ናቸው። «የጉሮሮዬን መንገድ ልትዘጊ ነው?» ብላት፣ «አንቺም ብትሆኚ ፓስፖርትሽን ሰው ቢይዝብሽ አትወጂም» ብላ ካርቶን ማንሳቷን ቀጠለች።

ለቡድናችሁ ስም አምጡ ሲባሉ «ሐቅ» ብለው ሰየሙት። በአረብኛው መብት ነው፤ በእኛም ቤት ያው ነው። አንድ ቃል ለሁለቱ ሕዝብ መሆኑ ካዋጃዋን፣ ገንዘቡን የምትሰጠዋን ነጭ ሴትዮ፣ በጣም አስደሰታት። ገንዘቡ የድምፅ ማጉያ ገዛ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተከራየ፣ ለልጆቹ የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ ማለት ነው፣ ከፈለ። ለስብሰባው ብስኩት ሳይቀር ደረሰኝ አምጡ ይላሉ፤ ጁባ ውስጥ የብስኩት ደረሰኝ ከየት ይመጣል? እኔው ጻፍኩላቸው። ሰፈሩ ግን ለኢክራማ ዶላር በጆንያ የወረደላት አስመስሎ ያወራ ነበር።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ቡና ቤቱ ጭር ሲል፣ ንያኩሮን በሚገኝ አንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ጥቂት ልጆች ነበሩ፤ ቆይቶ ወንበር አነሰ። በዛብሽ የምትባል ቀጭን ልጅ ሁልጊዜ ከፊት ትቀመጣለች። ቡሉክ ሰፈር፣ ተካልኝ የሚባል የአገራችን ሰው ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው። በሕይወት የሌሉት አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ የስድስት ዓመት ልጇ ሄቨን ደብረ ብርሃን ጎረቤት ዘንድ ናት። ጎረቤቲቱ አሁን ቤይሩት ልትሄድ ነው፤ ልጅቱን የሚረከብ ሰው የለም። በዛብሽ ቶሎ ካልደረሰች ሄቨን ሜዳ ላይ መውደቋ ነው። ፓስፖርቴን ስጠኝ ባለች ቁጥር ተካልኝ፣ «በምትክሽ ሰው እስካገኝ ትንሽ ታገሺ» ይላታል።

ተካልኝ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። በተኩሱ ጊዜ ሠራተኞቹን ሁሉ ደብቆ ያበላ ሰው ነው። ስላበላቸው ግን የእሱ ንብረት የሆኑ ይመስለዋል።

ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ ሲባል ኢክራማ፣ «ትልቅ ሰው ካለ ያከብሩናል» ብላ እኔንም ጎትታ ወሰደችኝ። እያጉረመረምኩ ተከተልኳት። ተካልኝም ተጠርቶ ኖሮ ሸሚዙን አስተኩሶ ቀድሞን ደርሷል። «እንደምን አደሩ እትዬ ዓቢዳ፣ ዘይቱ ገባ?» አለኝ። ምን ልበል? «ገብቷል» አልኩት።

መኮንኑ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። በዛብሽን አይቶ «ሐግ ታኪ ሹኑ?» አላት፤ መብትሽ፣ የምትጠይቂው ምንድን ነው ማለቱ ነው። ልጅቱ የቡና ቤት አረብኛዋ ሁሉ ጠፍቶባት ወደ ኢክራማ ዞረች። ኢክራማም በለመደው አፏ፣ «አትፍሪ፣ ሐቅሽን ንገሪው» አለቻት።

በዛብሽ ማተቧ ላይ ያለውን መስቀል ጨበጠች።

«ሐቁን ከሆነ ፓስፖርቱ የእኔ አይደለም» አለች በአማርኛ። «በዛብሽ እህቴ ናት። አውጥታው ሳትሄድበት ሞተች። መልካችን አንድ ስለሆነ እኔ መጣሁበት። የእኔ ስም ትርንጎ ነው። ለጋሽ ተካልኝም በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት፤ በተኩሱ ጊዜ እንዳይጠፋብኝ ብዬ።»

መሪጌታ ያሳደጓት ልጅ «ሐቅ» ስትባል እውነት መስሏታል፤ በእሷ ቤት ቃሉ ሌላ ትርጉም የለውም። እኛ የእሷን ድርሻ ስንጠይቃት እሷ ንስሐ ገባች።

«ምን አለች?» አለ መኮንኑ። አማርኛ አይሰማም። የሚሰማው ተካልኝ ነው፤ አፉን ከፍቶ ልጅቱን ያያታል።

ኢክራማ ፊቷ አመድ መስሏል። በሰው ፓስፖርት መግባት እስር እንደሆነ ታውቃለች። በአረብኛ፣ «ፓስፖርቴን ይመልስልኝ፣ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው ትላለች» አለች። እኔን ስኳር አጉድለሽ መዘንሽ ብላ የምታሳፍረኝ ልጅ ሕግ ፊት ቆማ ዋሸች፤ እኔም አላህ ይቅር ይበላት አልኩ በልቤ።

መኮንኑ ወደ ተካልኝ ዞረ። ተካልኝ፣ «ካዝና ውስጥ ነው፤ ነገ እሰጣታለሁ» አለ። «ኸላስ» አለ መኮንኑ፣ አለቀ ማለቱ ነው።

ውጭ ስንወጣ ተካልኝ ኒም ዛፍ ሥር ጠበቀን። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ሐቅ ያላችሁት ይኼ ነው እህቴ?» አላት ኢክራማን። «ተመልሼ ገብቼ አንድ ቃል ብተነፍስ እሷ ትታሰራለች፣ አንቺም በሐሰት ማስተርጎም። አልገባም። ፓስፖርቱን ነገ ትወስዳለች። ከዚያ ወዲያ ግን የንያኩሮን ስብሰባ የሚባል ነገር አልሰማም። ከእኔም ልጆች ከሌላውም ሆቴል ልጆች ራስ ላይ ትወርጃለሽ።»

ኢክራማ በዛብሽን አየቻት፤ ትርንጎ ነኝ ብትልም እኛ የለመድናት በዛብሽ ብለን ነው። በዛብሽ የተበላሸው ነገር ምን እንደሆነ ገና አልገባትም፤ «ተናገሪ ስትይኝ ነው እኮ የተናገርኩት» ትላለች። «እሺ ጋሽ ተካልኝ» አለች ኢክራማ።

በዛብሽ በማግስቱ ፓስፖርቷን ይዛ ሳምንት ሳይሞላ በረረች። ሄቨንን አቅፋ ደወለች፤ ስልኩ ውስጥ የሕፃን ሳቅ ሰማን። ኢክራማ አብራ ሳቀች፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ገብታ አለቀሰች።

«አሁንማ ልጅቷ ሄዳለች፤ ምን ያመጣል? ነገ ስብሰባሽን ጥሪ» አልኳት። ያን ስብሰባ ስረግም የኖርኩት እኔ ነኝ።

«ጋሽ ተካልኝ ለፖሊስ ጠቁሞ የሁሉንም ፓስፖርት ያስመረምራላ» አለችኝ። «ስንቷ በሰው ስም እንደመጣች እኔ ምን አውቃለሁ? አንዷን አወጣለሁ ብዬ ሌሎቹን ላሳስር?»

ካዋጃዋ አንዲት ልጅ ፓስፖርቷን ማስመለሷን ሰምታ በደስታ ታሪኳንና ፎቶዋን ላኩልኝ አለች። ለሌሎች ድርጅቶች ልታሳየው ነው። ኢክራማ የድምፅ ማጉያውንና የተረፈውን ገንዘብ ይዛ ሄዳ መለሰችላት። ለምን ብላ ጠየቀቻት። እውነቱን ብትናገር የልጆቹን መብት ታጠፋለች፤ መብታቸው ይጠበቅ ካለች ደግሞ መዋሸት አለባት። ጊዜ የለኝም ብላ ወጣች።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት የንያኩሮኖቹ ልጆች ተሰባስበው ሱቁ መጡ። ፊት ፊት የምትለው ጀንነት ነበረች፤ እሷም ቡሉክ ትሠራለች። ለእኔ ሰላምታ ሰጥታ ወደ ኢክራማ ተጠጋች።

«አዳራሹ ተዘግቶ ነው የመጣነው እህቴ። በዛብሽ ደውላልን ነበር። በአንድ ቀን ነው ያስመለሰችልኝ አለች። የእኛስ መቼ ነው?»

ኢክራማ ወደ እኔ አየች። እኔ የፓስታ ካርቶን አየሁ። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ታጥበው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ነው የመጡት።

«ምን ልስጣችሁ?» አለች ኢክራማ፣ ለማንም ገዢ እንደምትለው።

ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሳቃቸውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ጀንነት ከቦርሳዋ ገንዘብ አወጣችና፣ «ሳሙና» አለች።