ጋሽ ይማም አልያዙኝም

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ ስዘረዝር ቆይቼ፣ ይህችን ብቻ ዘልዬ ተነሥቻለሁ። እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ደብር ዲያቆን ነበርኩ። ሌሎቹ ለውትድርና ተወስደው ሦስት ዲያቆናት ብቻ ቀርተናል። ከሦስታችን አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቅ ነበር። በዚያ የፍልሰታ ቀን ያሳደጉኝን አክስቴን፣ እማሆይን፣ ለቁርባን በቃሬዛ ሊያመጧቸው እንደሆነም አውቅ ነበር። ታመው ከዚያ ሌላ የሚለምኑት ነገር አልነበራቸውም።

በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት ከደሴ የመጣውን የኪነት ቡድን ትንሽ ሰምቼ ልመለስ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወረድኩ። ጉም ወርዶ መድረኩ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከጉሙ ውስጥ ይመጣል። ስለ አብዮቱ ጀመሩ። ኋላ ዘፋኙ ዝም ሲል ተጫዋቾቹ አላቆሙም። ክራሩ ወደ አምባሰል ወሰደው፣ አኮርዲዮኑ ተከተለ፣ ሳይቋረጥ ባቲ ሆነ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ ገባ። መቼ እንደሚያልቅ እነሱም የሚያውቁ አይመስሉም። ሰውነቴ ቀለለኝ። ቆሜ ይሁን ተቀምጬ እንጃ፤ ጉሙም፣ ሰዉም፣ እኔም አብረን የምንወዛወዝ መሰለኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋሽ ይማም ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ዲያቆን፣ ሰዓቱ ደረሰ እኮ! ቅዳሴ የለህም እንዴ? በአላህ፣ ተነሥና ሂድ!»

«እሺ ጋሼ፣ ይቺ ስታልቅ» አልኳቸው። አላለቀችም። እኔም አልሄድኩም።

እማሆይ ቃሬዛው ላይ ሆነው «ልጄ ይመጣል፣ ትንሽ ጠብቁት» ሲሉ ውለው፣ ሳይቆርቡ ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አረፉ።

ቄሱ «ምን አገኘህ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ጋሽ ይማም ይዘውኝ ነው፤ ጥለህ አትሄድም ብለው» አልኩ። በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ያዘኝ ያለን ሰው ማን ይጠራጠራል? ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም ተሳምኩ።

እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ በሚያለቅስበት አገራችን፣ ጋሽ ይማም ለቅሶ ሲመጡ ፊት የሚነሣቸው አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ፊት ተነሡ። ቦታ የለቀቀላቸው ሰው የለም። ቆመው አዩኝ፤ ያልኩትን ሰምተዋል። «አላህ ያጽናህ» ብለውኝ ብቻ ሄዱ። ለምን ዝም እንዳሉልኝ ዛሬም አላውቅም። መንደሩ እንደጠላቸው ሞቱ፤ እኔም ቀብራቸው ላይ ቆሜ ዝም አልኩ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም፤ በዘመኑ አንድ ጊዜ አሳብቤአለሁ፣ ይበቃኛል። የሚያሳፍረኝ፣ ያ ክራር አሁንም ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ይህን ይዤ እንዴት ማሩኝ እላለሁ? የጋሽ ይማምን ልጆች የምታውቁ ግን ንገሩልኝ። አባታቸው አልያዙኝም። ሂድ ብለውኝ ነበር።