ለኤሳዊራ የተሰጠኝ አደራ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ከሕንፃችን ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ላውንድሪ ሩም ቁጭ ብዬ ልብሴ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ልጄ ጋሪው ውስጥ ተኝታለች። አንድ ሰው ትቶት የሄደ የጉብኝት መጽሔት አገኘሁና፣ ንባቡ ስለሚከብደኝ ፎቶውን አያለሁ። በግንብ የታጠረች የባሕር ዳር ከተማ ናት።

«ኤሳዊራ፣ የእኔ አገር። ልትሄጂ ነው?» አሉኝ ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሞሮኳዊ ሽማግሌ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። ፊታቸው ሲበራ ሳይ አይደለም ማለት አቃተኝ።

«አዎ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጠኑኝ ጀመር፤ ግንቡ ላይ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ መድፎቹ የት እንደተደረደሩ፣ ሰርዲን የሚጠበሰው ወደቡ አጠገብ እንደሆነ። እኔም ነገሩ ጣመኝ። «ድሮ በሩ ሲዘጋ ውጭ የቀረ ሰው የት ያድር ነበር?» እያልኩ እጠይቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ በጨርቅ የተሰፋ ጥቅል ይዘው መጡ።

«ለእህቴ ነው፤ አደራ።»

አሁን ጨነቀኝ። የሰው አደራ ይዤ የት እገባለሁ? ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ሥር ካስቀመጥኩት በኋላ ስድስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የትም አልሄድም፤ አፍሬ ነው የዋሸሁዎት።»

ጥቅሉን ከእጄ ላይ ላፍ አደረጉት።

«ተመስገን» አሉ። «ከእህቴ ጋር ከተኳረፍን ሃያ ዓመታችን ነው። ሰው ወደ አገሬ እየሄደ ምንም አለመላክ ነውር ሆኖብኝ እንጂ፣ ምን ብላ ትመልስልኝ ይሆን እያልኩ ሳምንቱን እንቅልፍ አልነበረኝም።»